የዓይን ሞራ ሕክምናና ሁለቱ ጠብታዎች

ዓይን ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ይልቅ ለሕመም የቀረበ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ትንሽ ጉድፍ የገባበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ጉድፍ የማይችለውን ዓይን በስለት ከፍቶ በውስጡ ያለውን ማውጣት እንዴት ተቻለ? ከተከፈተስ በኋላ ሳይመግል እንዴት ሊድን ቻለ? የዚህ ጽሑፍ አሳብ የእነዚህን የሁለት ጥያቄዎች ታሪክ በአጭሩ ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የዓይን ሞራ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በዓይናችን ውስጥ፣ ከብሌኑ በስተኋላ፣ እንደ መስተዋት የጠራና ብርሃንን የሚሰበስብ ሌንስ አለ። ይህ ሌንስ በእርጅና ወይም በሌላ ምክንያት ሲደፈርስ ብርሃን ማሳለፍ ይሳነዋል፤ ሰውየውም ቀስ በቀስ ማየት ያቅተዋል። ስሙ ሞራ ይባል እንጂ በዓይን ላይ የበቀለ ስብ ወይም ሽፋን አይደለም። የጥንት የአውሮፓ ሐኪሞችም ከራስ ወደ ዓይን የሚወርድ ፈሳሽ መስሏቸው ስለ ነበረ ፏፏቴ የሚል ትርጉም ያለውን ካታራክት የሚለውን ስም ሰጥተውታል።

ከጥንት ጀምሮ በሕንድም በሌሎችም አገሮች የነበረው ሕክምና፣ በመርፌ የደፈረሰውን ሌንስ ከቦታው ገፍቶ ወደ ዓይን ውስጥ መጣል ነበር። ሌንሱ ከብርሃን መንገድ ዞር ስለሚል በሽተኛው ለጊዜው ያያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዓይኑ ይቈጣና ፈጽሞ ይጠፋል። ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሴባስትያን ባኽ በ1750 በላይፕሲክ ከተማ ጆን ቴይለር በተባለ እንግሊዛዊ ሁለት ጊዜ ዓይኑን ታክሞ ነበር። ነገር ግን ብርሃኑን ሳያገኝ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ሞተ።

በ1747 ዣክ ዳቪዬል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አዲስ መንገድ ከፈተ። ሌንሱን ወደ ውስጥ በመጣል ፈንታ የዓይኑን የፊት ሽፋን ቈርጦ ወደ ውጭ አወጣው። የዛሬው የሞራ ሕክምና መነሻ ይህ ነው። ይሁን እንጂ በሽተኛው ሁሉን እያየና እየተሰማው፣ ራሱን ረዳቶች ይዘውለት ነበር የሚታከመው። ጥቂት ቢወራጭ ስለቱ ያልታሰበውን ይቈርጣል። በ1846 በኤተር ማስተኛት ከታወቀ በኋላ እንኳ ለዓይን ሐኪሞች ብዙም አልጠቀመም፤ ምክንያቱም በሽተኛው ሲነቃ ያስመልሰዋል፣ ሲያስመልሰውም በሚያደርገው ምጥ አዲሱ ቍስል ይከፈትና የዓይኑ ውስጥ ይፈሳል። የሚያስፈልገው ሰውየውን ሳያስተኛ ዓይኑን ብቻ የሚያደነዝዝ ነገር ነበር።

ይህን ያገኘው በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የሚሠራ ካርል ኮለር የሚባል የ26 ዓመት ሐኪም ነው። ኮካይን ከኮካ ቅጠል ተለይቶ ከወጣ ከ1860 ጀምሮ ምላስን እንደሚያደነዝዝ የቀመሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሲግመንድ ፍሮይድም በ1884 ስለ ኮካ ሰፊ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ሆኖም 24 ዓመት ሙሉ ምላስን የሚያደነዝዝ ነገር ዓይንንም ሊያደነዝዝ ይችላል ብሎ ነገሩን ወደ ሥራ ያደረሰ አልነበረም። ኮለር ግን ለዓይን የሚሆን ማደንዘዣ አስቀድሞ በሌሎች መድኃኒቶች ሲፈልግ ስለ ቆየ፣ ነገሩ በገባው ሰዓት ወደ ቤተ ሙከራ ሄደ። በመጀመሪያ በእንቍራሪት፣ ቀጥሎ በጥንቸልና በውሻ ዓይን ላይ አንጠባጠበ፤ በመጨረሻም እሱና ጓደኛው በገዛ ዓይናቸው ጠብ አድርገው በእስፒል ጫፍ ነኩት፤ ምንም አልተሰማቸውም። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1884 በሃይደልበርግ የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ ሲደረግ ኮለር የመጓጓዣ ገንዘብ ስላልነበረው ጽሑፉን ሌላ ሐኪም አነበበለት። ወሬው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አሜሪካ ደረሰ።

ኮካይን ጥቅሙን ያህል ጉዳት ነበረው፤ የዓይንን የፊት ሽፋን ያደርቃል፣ የለመደውንም ሰው ሱሰኛ ያደርጋል። ስለዚህ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ እንደ ኖቮካይን፣ ቴትራካይንና ሊዶካይን ያሉ የተሻሉ ማደንዘዣዎች እየተሠሩ ተተኩበት።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ሕመም የሌለበት ኦፕራሲዮን በሽተኛውን ከሥቃይ ያድነው እንጂ ዓይኑን ከመመገል አያድነውም። የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን በቍስሉ ከገቡ፣ ዛሬ ያየ ሰው ከጥቂት ቀን በኋላ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። የንጽሕና ትምህርትም ከዚያው ከኮለር ሆስፒታል ጋር የተያያዘ ነው። ኮለር ከመወለዱ ከ10 ዓመት በፊት፣ በ1847፣ ኢግናዝ ዜመልቫይስ በዚያ በሚያዋልድበት ክፍል ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በአፕሪል ከ100 እናቶች 18 ያህሉ ይሞቱ የነበረው በጁን ወደ 2 ያህል ወረደ። ይህን ያህል ማስረጃ ይዞም ብዙዎች አልተቀበሉትም። በ1867 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር ቍስልን በካርቦሊክ አሲድ ማጠብን ሲያስተምር ግን ዓለም ቀስ በቀስ ሰማ።

ለዓይን ሐኪም ካርቦሊክ አሲድ አልሆነውም፤ ጀርሙን የሚገድለው ዓይኑንም ያቃጥላልና። ለረጅም ዘመን ቦሪክ አሲድንና የብር ውሁዶችን የመሳሰሉ ለስላሳ ነገሮች ሲሞከሩ ኖሩ። የተሻለው የተገኘው አዮዲንን ፖቪዶን ከሚባል ነገር ጋር በማዋሐድ ነው፤ ይህም በ1955 ተሠራ። ፖቪዶኑ አዮዲኑን ይዞ ጥቂት በጥቂት ስለሚለቀው ጀርሙ ይሞታል፣ ዓይኑም ይችለዋል። በ1991 በኒውዮርክ ከ8,000 በላይ የዓይን ኦፕራሲዮኖች የተመረመሩበት ጥናት ወጣ። በብር መድኃኒት ከተዘጋጁት ዓይኖች ከ10,000 24 ያህሉ የውስጥ መመረዝ ሲደርስባቸው፣ በ5 ከመቶ ፖቪዶን አዮዲን ከተዘጋጁት ግን 6 ያህሉ ብቻ ነበሩ። መመረዙን የሚያመጡት ጀርሞች በአብዛኛው ከበሽተኛው ከራሱ የዓይን ቆብና ሽፋሽፍት የሚመጡ መሆናቸውም ተረጋግጧል።

ሁለቱ ታሪኮች የተገናኙት በዘመናችን ነው። ቻርልስ ኬልማን በ1967 ሌንሱን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ በጠባብ ቀዳዳ የመምጠጥን ዘዴ ከጀመረ በኋላ ቍስሉ እያነሰ ሄደ። ከ1990ዎቹ ጀምሮም ብዙ ሐኪሞች ከዓይን በስተኋላ በመርፌ መውጋትን ትተው እንደ ኮለር ወደ ጠብታ ተመለሱ። ጠብታው ቶሎ እንዳይለቅ ማደንዘዣውን በሚያጣብቅ ጄል መልክ የሚያደርጉም አሉ። እዚህ ላይ ግን ያልታሰበ ነገር ታየ። በ2008 በወጣ የቤተ ሙከራ ጥናት ጄሉ አስቀድሞ በጀርሞች ላይ ሲደረግና አዮዲኑ ሲከተል፣ ጄሉ እንደ መጋረጃ ሆኖ ጋረዳቸው፤ ጀርሞቹም አዮዲን እንዳልነካቸው ሆነው አደጉ። አዮዲኑ ሲቀድምና ጄሉ ሲከተል ግን ሞቱ። መድኃኒቶቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ተራቸው ብቻ ነው። ስለዚህ አዮዲን ስለሚያቃጥል በመጀመሪያ ቀጭን የማደንዘዣ ጠብታ ይደረጋል፤ ቀጥሎ አዮዲኑ ገብቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ ጄል ቢያስፈልግ ከዚያ በኋላ ይሆናል። በሽተኛው ሕመም ስላልተሰማው ብቻ ሁሉ ነገር ደኅና ነው ማለት እንዳይደለ ይህ በግልጽ ያሳያል።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዚሁ በዓይን ሞራ ምክንያት መሆኑ ታውቋል። ሞራ ደግሞ በኦፕራሲዮን የሚድን ነው።

ከዚህ ሁሉ እኛ ተማሪዎች የምንማረው ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ልብ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ታላቅ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ነው፤ ኮለር ያወቀው ሌሎች ያላወቁትን ሳይሆን ሌሎች አውቀው ያለፉትን ነበር። ሁለተኛው፣ መልካም ነገር ከመልካም ነገር ጋር ሲደረብ እንኳ ቦታና ተራ እንደሚያስፈልገው ነው። ከመካከላችን ነገ የሐኪምነትን ሙያ የሚመርጡ ቢኖሩ፣ የሚያስታግሠውን ጠብታ ሲያነሡ የሚያነጻውን እንዳይዘነጉ አደራ እንላለን።