ፉርጎውን ማን ያንሳው?

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ስለ አንድ የሲ.ኤም.ሲ ልጅ ላጫውታችሁ። ሰፈራችን ባቡር ሲባል የሚያውቀው ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰውን ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገዳችን መሃል ያልፋል፤ ሰው እንጂ ኩንታል አይጭንም። ልጁ ግን ካሜራውን አንግቶ በዚሁ ባቡር መስቀል አደባባይ ይደርስና፣ ታክሲ እየቀያየረ የጭነት ጣቢያው ወዳለበት እንዶዴ ይወርዳል። የጭነት ባቡር ፍለጋ!

«አንተ ልጅ፣ ሰርግ የለ፣ ክርስትና የለ፣ ምን ልታነሳ ነው?» አሉት ከብት የሚጠብቁ አዛውንት።

«ፉርጎ ነው አባባ።»

«ፉርጎ ደግሞ ምን መልክ አለውና!»

መልክማ አለው። ከጅቡቲ የሚመጣው የጭነት ባቡር ግንባሩን ወደ ምዕራብ አዙሮ ነው የሚገባው። ጠዋት ፀሐይዋ ከኋላው ስለምትሆን ፊቱ ይጠቁራል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሎኮሞቲቩ ከነአቧራው ወለል ብሎ ይታያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ከሐዲዱ በስተደቡብ የቆመ ብርሃኑን ከጀርባው ያገኛል። ባቡሩ በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ካሜራው በ1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ በፈጠነ ካልተዘጋ፣ የኮንቴነሩ ጽሑፍ ፈዞ ይቀራል። ልጁ አጥር አያልፍም፤ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት የተሸከመ ነው። ጣቢያ ግቢ ለመግባት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

መስመሩ ከሰበታ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ መኪናው በዚያ ይገባል፤ ቡናችን በዚያው ይወጣል። የገበሬው ክረምት በፉርጎ እየተጫነ ነው የሚመጣው፤ ፎቶ የሚነሳው ግን ሪባን ቆራጩ!

የድሮውም እንዲሁ ነበር። የፈረንሳዩ ባቡር፣ ያ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ የነበረው፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የለገሃር ጣቢያና የሹማምንት አቀባበል ፎቶ የትም ሞልቷል። ቡናና ቆዳ የተሞላ ፉርጎ፣ ከነጫኝና አውራጁ፣ እኔ ያየሁት ግን በጣም ጥቂት ነው። የአገር ኑሮ ያለፈበትን ሳያነሱ የሹማምንቱን ሳሎን ፉርጎ ብቻ ማንሳት፣ እንደኔ እንደኔ፣ ግማሽ ታሪክ ነው።

እናንተ ለገሃር ወይም ድሬዳዋ ባቡር ላይ የሠራ አባት ወይም አያት ያላችሁ፣ አልበማችሁን ገልጡ። የፉርጎ ፎቶ ካገኛችሁ ከጀርባው ቦታውን፣ ዓመተ ምሕረቱንና የሰዎቹን ስም በእርሳስ ጻፉበት። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳሉ ጠይቁ።