ከወንዝ ዳር ወደ ጓሮ፦ ዘንባባ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች

ጅማ ላይ ቆሞ ስለ ቡና አዲስ ነገር መናገር ይከብዳል። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ከቡናው ጎን የኖረውን ሌላ ተክል ነው። ግቢውን ለማሳመር «ብርቅ ዘንባባ» የሚሻ ሰው ወደ ችግኝ ሻጭ ሄዶ ከባሕር ማዶ የመጣውን ይገዛል። እኔ ግን በጓሯችን ብርቅ እየሆነ ያለው የአገሩ ዘንባባ ነው እላለሁ።

ኦሮምኛ ተናጋሪው ሜጢ የሚለው ይህ ተክል የቴምር የቅርብ ዘመድ ነው። በሳይንስ ፊኒክስ ሬክሊናታ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1801 ሲሆን፣ ስሙን ያወጣለት ዣካን የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው። አንድ ግንድ ብቻ ይዞ አይቆምም፤ ከአንድ ሥር ብዙ ሆኖ ይበቅላል፤ ግንዶቹም ወደ ጎን ዘንበል ይላሉ። ወንዝ ዳርንና ረግረግን ይወዳል። የቅጠሉ እግር እሾኻም በመሆኑ ለአጥር ዳር እንጂ ለበር አይመችም።

ቅጠሉ ሰሌን ይሆናል፤ ሰሌኑም በመኖሪያ ቤትም በመስጊድም ይነጠፋል። ከዚሁ ቅጠል ቅርጫትና መጥረጊያ ይሠራል፤ የሠርግ ዳስ ይሸለማል። በሆሳዕና ደግሞ ምእመኑ በጣቱና በግንባሩ ያስረዋል። (በወንጌል የተጠቀሰው የቴምር ዛፍ መሆኑ አይቀርም፤ የእኛ ሰው ግን በደጁ ያገኘውን ዘመዱን ይዞ ወጣ።) ለሽመና የሚፈለገው ገና ያልተዘረጋው ለጋ ቅጠል ነው። አጋሮ ባደግሁበት ግቢ፣ ከእንሰቱ ኋላ፣ ውኃ በሚወርድበት ቦይ አጠገብ አንድ የሜጢ ቁጥቋጦ ነበረን። አያቴ ከአንድ ግንድ አንድ ለጋ ቅጠል ብቻ ትወስዳለች፤ ወደዚያው ግንድ ቶሎ አትመለስም፤ ልጅም ቢላ ይዞ እንዲጠጋ አትፈቅድም ነበር። የዘንባባ ግንድ የሚያድግበት ነጥብ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱ ከተቆረጠ ግንዱ ይሞታል። አያቴ ይህን የዕፅዋት መማሪያ ሳታነብ ታውቀው ነበር።

እንዲህ ያለው ዕውቀት በታሪክ ምንጮቻችን ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በአባ ጅፋር ዘመን ስለ ሂርማታ ገበያ የተጻፈው በአመዛኙ ስለ ቡና፣ ስለ ዝሆን ጥርስ፣ ስለ ዝባድና ስለ ባሪያ ንግድ ነው። ሰሌን የሠራችው ሴት ጓሮ ማንን ያጓጓል? እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በጣሊያን አገዛዝ ጅማ የግዛት መናገሻ ሆና በፕላን ስትሠራ ቀጥ ያለ ጎዳናና አደባባይ መጣ። በእኔ ግምት ቀጥ ያለ ጎዳና ቀጥ ያለ ዛፍ ይጠይቃል፤ ዘንበል የሚለውና እሾኻሙ ሜጢ ለዚህ ዓይነቱ ውበት አልተፈጠረም።

ከነጻነት በኋላም ትኩረቱ ወደ ቡና ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1952 የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1964 እና በ1965 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ልዑክ በደቡብ ምዕራብ ደኖች ተዘዋውሮ የቡና ዘር ሰበሰበ፤ ዘሩም ወደ ብዙ አገሮች ተላከ። ዛሬ መልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል የቡና ዝርያዎችን በመስክ ተክሎ ይጠብቃል። ይህን ሥራ አደንቃለሁ። ነገር ግን የልዑኩ ተግባር ቡና ነበር፤ ከቡናው ሥር ባለው ወንዝ ዳር የቆመው ዘንባባ በማንም የሥራ ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

በዚያው ዘመን መኖሪያው ጠበበ። በኢሉባቦር ረግረጎች ለበቆሎ ተጠነፈፉ፤ በቡና ደኖች ጥላ የማይሰጠው ሁሉ ይመነጠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ካፋና ያዩ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች ሆነው ሲመዘገቡ ስማቸውን ያስጠራው የዱር ቡናው ነው። ከቡናው ጋር ወንዝ ዳሩም ቢጠለል መልካም ነው፤ ከእነዚህ ቦታዎች ውጭ ያለው ግን በጓሮ ባለቤቱ ፈቃድ ላይ ቀርቷል።

አንድ ስጋት ልጨምር። በከተሞቻችን ለጌጥ የሚተከለው የካናሪ ደሴቶች ዘንባባ ከሜጢ ጋር የአንድ ወገን ነው፤ የዚህ ወገን ዝርያዎች ደግሞ በቀላሉ ይዳቀላሉ። ስለዚህ ከከተማ መናፈሻ የተለቀመ ፍሬ እናቱን ላይመስል ይችላል። ንጹሑን የሚሻ ሰው በወንዝ ዳር ካለ፣ የጌጥ ዘንባባ ከሌለበት ቦታ ፍሬ ቢለቅም ይሻለዋል። ወይም ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ ክረምት ሲገባ ሥር ያበጀውን ቡቃያ ከእናቱ ለይቶ ይትከል። ቡቃያ ልክ እናቱን ነው፤ ዕድሉም ችግሩም ይኸው ነው። ሜጢ ወንድና ሴቱ በተለያየ ተክል ላይ ናቸውና ከአንድ ቁጥቋጦ የተወሰዱ አሥር ቡቃያዎች ሁሉም ወንድ ወይም ሁሉም ሴት ይሆናሉ። ፍሬ የሚፈልግ ጎረቤቱን ማነጋገር ይኖርበታል፤ በአንድ ሰፈር ሁለት ሦስት ግቢ ቢስማማ ይበቃል።