ስልካችሁ ውስጥ ያሉት የኢንተርኔት ዲፎልት ቁጥሮች፦ ማን አስቀመጣቸው? እኛስ ብንነካቸው ምን እናተርፋለን?

«ይቺን አፕ ጫኑ፣ ስልካችሁን ሩት አድርጉ፣ ኢንተርኔታችሁ እጥፍ ይፈጥናል» የሚል ፖስት አጋጥሟችሁ ያውቃል? ዛሬ እነዚህ አፖች «እናስተካክለዋለን» የሚሉትን ነገር ከሥሩ እናየዋለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ነገር እንመንላቸው፤ የሚሉት ሴቲንግ በእርግጥ አለ። አንድሮይድ የተሠራው ሊኑክስ በሚባለው ኦፕን ሶርስ ከርነል ላይ ነው። ከርነል ማለት ከአፖቹ ሁሉ ሥር ሆኖ ሃርድዌሩንና ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው የሲስተሙ እምብርት ነው። ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር እንዴት እንደሚነጋገር የሚወስኑ ብዙ ቁጥሮች እዚያ ውስጥ ተቀምጠዋል። ማንም ካልነካቸው ሲስተሙ ይዟቸው በመጣው ይቀጥላሉ፤ ዲፎልት የሚባለው ይሄ ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ማየት ይችላል። የሚያየው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ትልቁ ዲፎልት፦ ኪዩቢክ

ፎቶ ስትልኩ ፎቶው ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ይሄዳል። ስልኩ ግን መንገዱ ሰፊ ይሁን ጠባብ አያውቅም። ብዙ ፓኬት በአንዴ ከለቀቀ ይጨናነቃል፤ በጣም ከቆጠበ ደግሞ ይንቀራፈፋል። አደባባይ ላይ ሁሉም መኪና «እኔ ልቅደም» ሲል የሚሆነውን አስቡት። በ1986 ይሄ በእውን ሆኗል፦ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሎረንስ በርክሌይ ላብራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል፣ ርቀቱ 400 ሜትር እንኳ በማይሞላ መስመር ላይ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ32 ኪሎቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ኪሎ የሚባል ነገር የለም፣ 40 ቢት ብቻ! ቫን ጃኮብሰን በ1988 ባሳተመው ጥናት መፍትሔ አቀረበ፤ ፓኬት ሲጠፋ መንገዱ ተጨናንቋል ማለት ነውና ላኪው ፍጥነቱን ይቀንስ የሚል።

የዛሬው ሊኑክስ የሚጠቀምበት ዘዴ ኪዩቢክ ይባላል። በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሲሆን በ2006 በወጣው ከርነል 2.6.19 ዲፎልት ሆነ። ፓኬት ሲጠፋበት ፍጥነቱን ወደ 70 በመቶ ገደማ ያወርዳል፣ ከዚያ ቀድሞ ወደነበረበት ቶሎ ይወጣል፣ ሲቃረብ ቀስ ይላል፣ ችግር ከሌለ ደግሞ እንደገና ይገፋል። አብዛኞቻችሁ አሁን በኪስ የያዛችሁት ይሄንኑ ነው።

ታዲያ «ቡስተር» አፖቹ ኪዩቢክን በሌላ ሲቀይሩ ምን ይፈጠራል? ለዳውንሎድ ያን ያህል የሚፈጠር ነገር የለም። ይሄ ዘዴ የሚሠራው በላኪው በኩል ነው። ቪዲዮ ስታዩ ላኪው ሰርቨሩ ነው፤ እናንተ ተቀባይ ናችሁ። የእናንተ ሴቲንግ የሚገዛው እናንተ የምትልኩትን ብቻ ነው። ለዚህ ብሎ ሩት ማድረግ፣ ያውም የማታውቁት አፕ ስልኩ ውስጥ ያሻውን እንዲያደርግ መፍቀድ፣ በእኛ እይታ ከንቱ ልውውጥ ነው። ብዙ የባንክ አፖች ደግሞ ሩት የተደረገ ስልክ ላይ አንሠራም ይላሉ።

ሌላ አማራጭ የለም ማለታችን አይደለም። ጎግል በ2016 ቢቢአር የሚባል ዘዴ አውጥቷል፤ ፓኬት እስኪጠፋ ከመጠበቅ ይልቅ የመንገዱን ስፋትና የምልልሱን ጊዜ እየለካ ይሄዳል። ዩትዩብ ላይም ውሏል። ከርነሉ ውስጥ ከ4.9 ጀምሮ ቢኖርም ዲፎልት አልሆነም። የመጀመሪያው ቢቢአር በአንድ መስመር ከኪዩቢክ ጋር ሲገናኝ አንዳንዴ ድርሻውን ሲሻማው ታይቷል፤ ለአንዱ የፈጠነው ለጎረቤቱ ሊዘገይ ይችላል።

10 እና 64

ሰርቨር መጀመሪያ ላይ መልስ ሳይጠብቅ ስንት ፓኬት ይልቀቅ? ድሮ 3 አካባቢ ነበር። በ2011 ከርነል 2.6.39 ወደ 10 አሳደገው፣ 14 ኪሎባይት ገደማ ማለት ነው። ትንንሽ ገጾች በአንድ ምልልስ ብቻ የሚከፈቱት በዚህ ነው።

64 ደግሞ የፓኬት ዕድሜ ነው። በአንድ ራውተር ባለፈ ቁጥር 1 ይቀንሳል፤ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል፣ መንገድ ስቶ ዝንተ ዓለም እንዳይዞር። ሆትስፖት ስትከፍቱ ስልካችሁ ራውተር ስለሚሆን የጓደኛችሁ ፓኬት በ63 ይወጣል። በውጭ አገር ለሆትስፖት ለብቻ የሚያስከፍሉ ኦፕሬተሮች ከሚያውቁባቸው መንገዶች አንዱ ይቺ ናት።

አደገኛው 100

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። በ2012 የወጣው ከርነል 3.6 አዲስ መከላከያ ይዞ መጣ። በተከፈተ ግንኙነት ላይ የሚያጠራጥር ፓኬት ከመጣ ከርነሉ «እውነት አንተ ነህ?» ብሎ ማረጋገጫ ይልካል። ማረጋገጫው በዝቶ እንዳያስጨንቀው ገደብ ተደረገለት፦ በሰከንድ 100። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ ያ 100 ለሁሉም ግንኙነቶች የጋራ መሆኑ ነው።

በ2016 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ ተመራማሪዎች ይሄ ቀዳዳ መሆኑን አሳዩ። አጥቂው ዋይፋያችሁን መጥለፍ እንኳ አያስፈልገውም። በእናንተ አይፒ አድራሻ የተጭበረበረ ፓኬት ለሰርቨሩ ይልካል። ወዲያው በራሱ ግንኙነት 100 አጠራጣሪ ፓኬት ልኮ የሚመለስለትን ይቆጥራል። 100 ከመጣለት ግምቱ ስህተት ነው። 99 ከመጣለት ግን አንዷ ወደ እናንተ ሄዳለች፤ እናንተና ሰርቨሩ እየተገናኛችሁ ነው ማለት ነው። በዚሁ ዘዴ እየገመተ ግንኙነቱን ማቋረጥ፣ ካልተመሰጠረም የራሱን ነገር መሃል ላይ ማስገባት ይችላል። አንዲት ቁጥር በማጉደል ብቻ!

ሰርቨር ያላቸው ሰዎች ጊዜያዊ መፍትሔ ተነገራቸው፤ 100ን ወደ 999999999 ቀይሩት ተባሉ። ከርነል 4.7 ደግሞ ገደቡን 1000 አድርጎ በየሰከንዱ በዘፈቀደ እንዲለዋወጥ አደረገው፤ ስለዚህ ቆጥሮ መድረስ አይቻልም። የአንድሮይድ ተጠቃሚስ? ያለ ሩት ያቺን ቁጥር መንካት ስለማይችል አፕዴት ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሉክአውት የተባለው የደህንነት ኩባንያ ያኔ 80 በመቶ የሚሆኑት አንድሮይዶች፣ ማለትም 1.4 ቢሊዮን ያህል ስልክና ታብሌት፣ ተጋላጭ እንደሆኑ ገምቶ ነበር።

የእናንተን ለማየት ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ክፈቱ፣ የአንድሮይድ ቨርዥን ወይም የሶፍትዌር መረጃ የሚለውን ንኩ። የከርነል ቨርዥን እና የሴኩሪቲ ፓች ቀን ታገኛላችሁ። የከርነሉ ቁጥር አሮጌ ቢመስል አትደንግጡ፤ ስልክ አምራቾች ጥገናውን በአሮጌው ቁጥር ላይም ይጨምሩታል። የምታዩት ቀኑን ነው። ዓመታት ካለፉት ሲስተም አፕዴት ውስጥ ገብታችሁ አዲስ መምጣቱን ፈትሹ፤ ፋይሉ ትልቅ ሊሆን ስለሚችል በዋይፋይ አድርጉት።