የደከመ ፈረስ ማረፊያ

በአገራችን ታሪክ ፈረስ ስሙን ለጌታው ያወረሰ እንስሳ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸውን ተማሪው ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ስም ውስጥ የሚታየን ግን ጋማውን ነስንሶ ወደ ጦር ሜዳ የሚገሠግሠው ብርቱ ፈረስ ነው። ጥርሱ ያለቀውን፥ ጉልበቱ የዛለውን፥ ኮርቻም ጭነትም መሸከም ያቃተውን ሽማግሌ ፈረስ ስም ጠርቶ የሚፎክር የለም። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ይኸውም የደከመ ፈረስ የሚያርፍበት ስፍራ በታሪክ እንዴት እንደ ተገኘ ለማየት ነው። ነገሩ ጎልቶ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር ስለ ሆነ ወደዚያ እንሻገራለን፤ ዓመቶቹንም በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሎንዶን በፈረስ ጉልበት የምትንቀሳቀስ ከተማ ነበረች። የኪራይ ሠረገሎቿ ብቻ ከ10,000 ይበልጡ ነበር። ብዙ መንገደኛ የሚጭነውን ትልቁን ሠረገላ የሚስብ ፈረስ በዚያ ሥራ የሚቆየው አራት ወይም አምስት ዓመት ያህል ነው። ከዚያ በኋላ በርካሽ ይሸጥና ወደ ባሰ ሥራ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ከፋ፤ በመጨረሻ ወደ አራጅ። ይህን ቁልቁለት ወይዘሪት አና ሲዌል በ1877 በታተመው «ብላክ ቢዩቲ» በተባለው መጽሐፋቸው በፈረሱ በራሱ አንደበት ተረኩት። ደራሲይቱ መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ዐረፉ፤ ያነበቡት ሰዎች ግን ነገሩን በልባቸው ይዘውት ቀሩ።

ከነዚህ አንባቢዎች አንዷ ወይዘሪት አን ሊንዶ በ1886 ከሎንዶን ወጣ ብሎ በሚገኘው በሰድበሪ አንድ የእርሻ ቦታ ተከራይተው የፈረሶች ማረፊያ ቤት አቋቋሙ። የማረፊያው ዓላማ ሦስት ነበር። አንደኛው፥ ድኻ ሰዎች ፈረሳቸውን፥ አህያቸውንና በቅሏቸውን በመጠነኛ ክፍያ የሚያሳርፉበትና የሚያስታምሙበት ቦታ መስጠት ነው። ሁለተኛው፥ እንስሳው በሚያርፍበት ጊዜ ለባለቤቱ ሌላ ተተኪ እንስሳ በጥቂት ዋጋ ማዋስ ነው። ሦስተኛው፥ ጌቶቻቸው የሚወዷቸው አሮጌ ፈረሶች በሰላም የሚጦሩበት ስፍራ ማዘጋጀት ነው።

ከሦስቱ ለእኛ ታላቅ ሆኖ የታየን ሁለተኛው ነው። እንስሳትን ማሠቃየት የሚከለክል ሕግ በእንግሊዝ አገር ከ1822 ጀምሮ ነበረ፤ ሕጉን የሚከታተል ማኅበርም በ1824 ተቋቁሟል። ሆኖም ሕጉ ባለ ሠረገላውን ይቀጣዋል እንጂ የዕለት ገቢውን አይተካለትም። አንድ ፈረስ ብቻ ያለው ሰው ፈረሱ ያነከሰ ዕለት ሁለት መንገድ ብቻ አለው፤ ወይ የሚያነክሰውን ፈረስ እየገረፈ መንዳት ነው፥ ወይ ልጆቹን ጦም ማሳደር ነው። ብዙው ሰው የመጀመሪያውን የሚመርጠው ጨካኝ ስለ ሆነ አይደለም። ተተኪው ፈረስ የመጣው እዚህ መካከል ነው። የፈረሱ ዕረፍትና የሰውየው እንጀራ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን የተረዳ ሰው ያሰበው ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ማስተዋል በበጎ አድራጊዎች ዘንድ ሁልጊዜ አይገኝም።

ከተማዪቱ በሰፋች ቁጥር ማረፊያው ወደ ውጭ ይገፋ ነበር። በአክተን፥ በክሪክልውድ፥ ከ1933 በኋላም በቦረምውድ ቆይቶ፥ በ1970ዎቹ ስፒን በተባለ የበኪንግሃምሺር ገጠር ተቀመጠ። ዛሬ ስሙ ሆርስ ትረስት ይባላል። በዚህ መካከል ሞተር መጥቶ የሠረገላው ዘመን አልፏል።

የሠረገላው ዘመን ቢያልፍም የጦር ፈረስ ጉዳይ ገና ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሥራቁ ግንባር የዘመቱ ብዙ ሺሕ የእንግሊዝ ፈረሶች ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ በግብፅ ተሸጡ። የጦር መኰንን ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ዶረቲ ብሩክ በ1930 ካይሮ ሲደርሱ፥ የሠራዊቱ ምልክት በገላቸው ላይ የተተኰሰባቸው ፈረሶች በየድንጋይ መፍለጫውና በየጋሪው ሲንገላቱ አገኟቸው። በ1931 ሞርኒንግ ፖስት ለተባለው ጋዜጣ በጻፉት ደብዳቤ ገንዘብ ለምነው 5,000 ያህል ፈረሶች ገዙ። አብዛኞቹ ከመዳን ያለፉ ስለ ነበሩ ጥቂት ቀን በደኅና ጉዝጓዝ ላይ አርፈው፥ ጠግበው በልተው፥ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ ተደረገ። ወይዘሮ ብሩክ ሻጮቹን በጠላትነት አላዩአቸውም፤ ሻጮቹ ራሳቸው የዕለት ጉርስ የቸገራቸው ነበሩና። ስለዚህ በ1934 በካይሮ ያቆሙት ሆስፒታል የድኾችን ፈረሶችና አህዮች በነጻ የሚያክም ሆነ።

አሁን ወደ ስፒን እንመለስ። የእንዲህ ያለ ማረፊያ ኑሮ ከሩቅ ሲታይ ለምለም መስክና የሚግጥ ፈረስ ብቻ ይመስላል፤ ሥራው ግን ፋታ የለውም። ጋጣው በየማለዳው ይጠረጋል። ሰኮና በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ ይሞረዳል። የሽማግሌ ፈረስ መንጋጋ ወጣ ገባ ስለሚሆን በሞረድ ይስተካከላል፤ ድርቆሽ ማኘክ ላቃተውም በውኃ የራሰ መኖ እንደ ገንፎ ለስልሶ ይቀርብለታል። የሆድ ትል እንዳይዛመት ፋንድያው ከመስኩ ላይ ይለቀማል። የእኛን አገር ባላገር የሚያስገርመው ግን ሣሩን መከልከሉ ነው፤ ለምለም ሣር ያለ ልክ የበላ ፈረስ ሰኮናው ውስጡ ይቆጣና መቆም ያቅተዋልና፥ ጠባቂው ከድርቅ ይልቅ የሚፈራው የጸደይን ዝናብ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ግን የፈረሱ ሥቃይ ከደስታው የበለጠበትን ቀን መለየት ነው፤ ያን ቀን ሐኪም ይጠራል።

ወደዚህ ስፍራ ከገቡት ሁሉ ስሙ የገነነው ሴፍተን የተባለው የክብር ዘበኛ ፈረስ ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1982 በሎንዶን ሃይድ ፓርክ አጠገብ በፈነዳው ቦምብ 4 ወታደሮችና 7 ፈረሶች ሞቱ። ሴፍተን 34 ቦታ ቈስሎ ከሞት ተረፈ፤ ከዚያም ወደ ሥራው ተመልሶ ፍንዳታው በደረሰበት ጎዳና ላይ ሰልፍ ወጣ። ሕዝቡ ስለ እርሱ ያዋጣው ገንዘብ ለንጉሣዊው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል አሠራ። በ1984 በጡረታ ስፒን ገብቶ፥ በ1993 በ30 ዓመቱ ሞተ። እንደሚነገረው ጠባየ መልካም አልነበረም፤ በመናከሱ «ሻርኪ» የሚል ቅጽል ተሰጥቶት ነበር። ጡረታ በጠባይ የሚሰጥ አለመሆኑ ደግ ነው።

በአገራችን ለእንዲህ ያለ መስክ የሚተርፍ መሬትና ገንዘብ ማግኘት ቀላል አይደለም። ዶንኪ ሳንክቸሪ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ከቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ጋር ሠርቷል፤ ስፓናና በወይዘሮ ብሩክ ስም የሚጠራው ድርጅትም እንዲሁ የጋማ ከብቶችን በማከም ተሰማርተዋል። በየከተማው ዳር ግን ከጋሪ የተፈታ፥ ጀርባው የተላጠ ፈረስ መንገድ ላይ ቆሞ የማታውን ጅብ ሲጠብቅ እናያለን። ሐኪሙ ቍስሉን አጥቦ «ሁለት ሳምንት አሳርፈው» ሲል፥ ባለ ጋሪው አንገቱን ይደፋል እንጂ መልስ የለውም፤ በማግስቱም ፈረሱን ይጠምደዋል። የጋሪ ነጂዎች ማኅበር ባለበት ከተማ አባላቱ በመዋጮ ሁለት ወይም ሦስት ተጠባባቂ ፈረሶች ቢገዙ፥ ማዘጋጃ ቤቱም ከገበያው አጠገብ ጥላና ውኃ ያለው አንድ አጥር ግቢ ቢሰጣቸው፥ ባለ ጋሪው ለሐኪሙ የሚሰጠው መልስ ያገኝ ነበር።