ጉዛ የሠራተኛን ልብ እንዴት ይይዝ ነበር

በሂርና ዙሪያ ያለው ተራራማ የጨርጨር መሬት በአንድ ቤተሰብ ጉልበት ብቻ አይገፋም። ማሽላው ሲታረምና ሲታጨድ፣ በዳገቱ ላይ እርከን ሲሠራ፣ አዲስ የጫት ማሳ ሲቆፈር ብዙ ሰው በአንድ ቀን መውጣት አለበት። የሐረርጌ ኦሮሞ ገበሬ ይህን ጉልበት ሲያገኝ የኖረው በጉዛ ነው። ባለማሳው ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ ምግብና ጫት ያቀርባል፤ የተጠሩትም ይሠሩለታል፤ ተራው ሲደርስ እሱም ለእነሱ ይወጣል። በመካከላቸው የሚቆጠር ገንዘብ የለም። በሰሜኑ አገር ያሉት ደቦና ወንፈል የዚሁ ልማድ ወገኖች ናቸው። ዛሬ በሂርና፣ በጭሮ ወይም በበዴሳ ሦስት አራት ሰው ቀጥሮ ምግብ ቤት፣ ሱቅ ወይም የጫት መረከቢያ የሚያስተዳድር ሰው «ሠራተኛዬ ለምን ከልቡ አይሠራም?» ብሎ ሲጨነቅ መልሱን ሩቅ መፈለግ የለበትም። ሰው ከልቡ የሚሠራው የድካሙ ድርሻ ለእሱም እንደሚደርስ ሲያውቅና ያሠራው ሰው ቃሉን እንደሚጠብቅ ሲያምን ነው። የአካባቢው ታሪክ ይህን ደጋግሞ አሳይቷል።

ያው ገበሬ፣ ያው ዶማ በሌላ ሥርዓት ውስጥ ሌላ ነገር ሆነው ነበር። በጥር 1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርጌ በምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ የነፍጠኛና የገባር ሥርዓት ተተከለ። ገባሩ ከምርቱ ይከፍላል፤ በዚያ ላይ ለጌታው ያርሳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አጥር ያጥራል። ከውጭ ላየው ብዙ ሰው አብሮ ስለሚሠራ ጉዛ ይመስል ይሆናል። ጌታው ግን በተራው ለገባሩ አይወጣም፤ ገባሩም እምቢ ማለት አይችልም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የአገር ሀብት ከሥራና ከዕውቀት እንደሚመነጭ ይከራከራል፤ የድካሙን ፍሬ ሌላው የሚወስድበት ሰውም ለመትጋት ምክንያት እንደሌለው ያሳያል። በዚያው ዘመን ጨርጨርን ያስተዳድሩ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ ዋና ከተማ አድርገው ግዛቱን ለሌላው አርአያ በሚሆን መንገድ ለማደራጀት ተነሥተው ነበር። ለውጥ የሚሹት ምሁራን የገባሩን ነገር የፍትሕ ጉዳይ ብቻ አድርገው አልተመለከቱትም፤ የምርት ጉዳይም መሆኑ ገብቷቸው ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ እንደ አቅመ ደካሞች ላሉት ካልሆነ በቀርም መሬትን በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ከለከለ። ጉዛ ቅጥር ስላልነበር አዋጁ የሚነካው አልሆነም። ሆኖም አዋጁን ያወጣው መንግሥት ቡናን በኮታና ራሱ በቆረጠው ዋጋ መግዛት ሲጀምር የሐረርጌ ገበሬ ትጋቱን ወደ ጫት አዞረ። ሕዝቅኤል ገቢሳ የሐረርጌን ጫት ታሪክ በመረመሩበት መጽሐፋቸው እንዳስረዱት፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ባቡር፣ በ1940ዎቹ የተጀመረው ወደ ኤደን የሚበር የአውሮፕላን ጭነት፣ በኋላም ይህ የቡና ዋጋ ገበሬውን ወደዚያው ገፍተውታል። ትጋቱ አልጠፋም፤ ዋጋ ወዳገኘበት ሄደ እንጂ። ሠራተኛዬ ሰነፈ የሚል ነጋዴም ያ ሰው ከሥራ ሰዓት ውጭ ለራሱ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚበረታ አስቀድሞ ቢመለከት ጥሩ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ጉዛ የእኩዮች ልማድ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የሱቅ ባለቤት ለተቀጣሪው ነገ ማሳ ላይ ወጥቶ አይቆፍርም። ነገር ግን ጉዛን ያቆመው ለጉልበት ጉልበት መመለሱ ብቻ አልነበረም፤ ብድሩ እንደሚመለስ እርግጠኛ መሆንም ነበር። በቅጥር ሥራ የዚያን እርግጠኝነት ቦታ የሚይዘው በቀኑ የሚከፈል ደመወዝ፣ አስቀድሞ የተነገረ የትርፍ ድርሻ፣ ሠራተኛው ሲታመም የማይቋረጥ ገቢ ነው። ሌላው ሰዎቹን ያበረታቸው ጫቱ ነው ይላል። ጫት ያነቃቃል፤ ገንዘብና ጊዜ የሚበላ ልማድ መሆኑንም መሸፈን አይገባም። ነገር ግን ደቦ የሚጠራው የሰሜን ገበሬ ጠላ ነው የሚያቀርበው፤ እዚያም ሥራው ይሠራል። በሁለቱም አገር ያለው የጋራ ነገር ጠሪው የሠራተኞቹን ሆድና ክብር የመጠበቅ ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው። ትንሽ ንግድ ለዚህ አቅም የለውም ለሚለው ደግሞ የጉዛ ጠሪም ሀብታም አልነበረም እላለሁ። የሚያቀርበው ቤቱ ያፈራውን ነበር።

የጫት ንግድ የሠራተኛን ልብ መያዝን ዛሬም ያስገድዳል። ቅጠሉ ከተቀነጠበ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ ለቃሚው፣ ዙርባ አሳሪው፣ ጫኙና ሾፌሩ ሁሉም መፍጠን አለባቸው። ባለቤቱ በእያንዳንዳቸው ላይ ዘበኛ ሊያቆም አይችልም። ጠውልጎ የተጫነ ወይም ልል የታሰረ ዙርባ ኪሳራው የሚታየው ገበያ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንን መጠየቅ እንደሚገባ አይታወቅም። እንዲህ ባለ ሥራ ሠራተኛውን በማስፈራራት ማሠራት አይቻልም፤ ያለው ምርጫ ማመንና ማካፈል ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋምም ይደነግጋል። ሕጉ ከሚያስገድደው በላይ ያለው ግን ለአሠሪው የተተወ ነው። በሂርናም ሆነ በጭሮ ጥቂት ሰው ቀጥረው የሚያሠሩ ሁሉ ደመወዙን በቀኑ ይክፈሉ፤ ሥራ በሚበዛበት ወቅት ከሠራተኞቻቸው ጋር አብረው ይሠለፉ፤ የወሩን ገቢና ወጪም አይደብቋቸው።