መንጃ ፈቃድ ድንበር ሲሻገር፦ ከቀጥያ ኬላ እስከ እምድብር መንገድ



አረፋ ሲደርስ የእምድብር መንገድ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በወልቂጤ በኩል የሚገባው መኪና ማለቂያ የለውም። መስከረም ላይ ደግሞ ክርስቲያን ወገኖቻችን ለመስቀል በዚያው መንገድ ይጎርፋሉ። ከሚመጡት መካከል ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዐረብ አገር የተነሱ ብዙ ናቸው። ውጭ አገር አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት መኪና የነዳ ወንድማችን አዲስ አበባ ገብቶ መኪና ልከራይ ሲል በአብዛኛው የሚሰማው መልስ «ከነሹፌሩ ነው» የሚል ነው። «ራሴ እነዳለሁ» ካለ «የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ አለህ?» ይባላል። ከዚህ ወደ ውጭ የሚወጣውም ወጣት ተመሳሳይ ነገር ይጠብቀዋል። ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ተፈትኖ ያገኘውን መንጃ ፈቃድ ሲያሳይ የአከራዩ ሠራተኛ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ይመልስለታል።

ብዙዎቻችን ይህን የቢሮ ጣጣ ብቻ አድርገን እናየዋለን። ከጀርባው ግን ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለ። ያንን ታሪክ ያላወቀ ሰው ገንዘቡን ለአታላይ ይሰጣል፤ ሲብስም በሰው አገር የነፍስ ዕዳ ይገባበታል።

መንገደኛን በወረቀት መለየት መኪና ያመጣው ነገር አይደለም። በኡመያዎች ዘመን ግብጽ ውስጥ ተጽፈው እስከ ዛሬ የቆዩ የፓፒረስ ፈቃዶች አሉ። የባለፈቃዱ ስም፣ የመጣበት መንደር፣ የመልኩ ምልክት፣ ሄዶ የሚሠራበት ቦታና የሚቆይበት ጊዜ ተዘርዝሮባቸዋል። በአንደኛው ላይ የሰውየው የጉንጭ ጠባሳና የአንገት ነጥብ ሳይቀር ተጽፏል። ፎቶግራፍ ባልነበረበት ዘመን ፎቶው ይህ ነበር። (ፈቃዱ የሚሰጠው ለመንገደኛው ታዝኖለት አልነበረም፤ ግብር ከፋዩ እንዳይሰወር ነው።) ኢብን በጡጣም እ.ኤ.አ. በ1326 ከግብጽ ወደ ሻም ሲሻገር ቀጥያ በምትባል ኬላ ማንም ያለ ፈቃድ ወረቀት እንደማያልፍ ጽፏል። ማታ ማታ አሸዋው ይደለደላል፤ ጠዋት የእግር ዱካ ከተገኘበት ሰው ሾልኳል ማለት ነውና ተከታትለው ይይዙታል።

መኪና ሲመጣ ግን አዲስ ጥያቄ ተነሳ። ከዚያ በፊት ኬላ ላይ የሚጠየቀው «ማን ነህ? ከየት መጣህ?» ነበር። አሁን «ይህን ብረት መንዳት መቻልህን ማን አረጋገጠ?» የሚል ተጨመረበት። ወደ አገራችን የመጀመሪያው መኪና የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ በብዙ መከራ አዲስ አበባ አደረሰው፤ አፄ ምኒልክም መንዳት ሞከሩ። ያኔ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅም የሚሰጥም አልነበረም።

አውሮፓ ውስጥ ግን መኪናው ድንበር እየተሻገረ አስቸግሮ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1909 መንግሥታት ፓሪስ ላይ ተሰብስበው ለመኪናውም ለነጂውም የሚያገለግል አንድ የጋራ ሰነድ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1926 እዚያው ፓሪስ የመኪናውና የነጂው ሰነድ ለየብቻ ሆነ። ዛሬ «ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ» የምንለው ትንሽ መጽሐፍ መነሻው ይህ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1949 የጄኔቫ ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ የቪየና ስምምነት ተከተሉ። በጄኔቫው ስምምነት የሚታተመው መጽሐፍ ለአንድ ዓመት ይሠራል፤ በቪየናው የሚታተመው እስከ ሦስት ዓመት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልብ እንበል። ይህ መጽሐፍ በራሱ መንጃ ፈቃድ አይደለም። በአገርህ የተሰጠህን ፈቃድ በተለያዩ ቋንቋዎች የሚተረጉም፣ አገርህ «ይህን ሰው እኔ ፈትኜዋለሁ» ብላ ለሌላው አገር የምትመሰክርበት ወረቀት ነው። ዋናው ፈቃድ ከጎኑ ከሌለ ዋጋ የለውም። የሚሰጠውም ዋናውን ፈቃድ በሰጠው አገር ብቻ ነው። ምስክርነቱም የሚደመጠው ሁለቱ አገሮች በአንድ ስምምነት ውስጥ ሲሆኑ ነው።

የእኛ ነገር የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። ኢትዮጵያ የጄኔቫውን ስምምነት አልገባችበትም፤ ቪየናውንም ለረጅም ዓመታት ከውጭ ሆና ስታየው ኖረች። መንገድም ነጂም ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። እንዲያውም የቪየናው ስምምነት በሚዘጋጅበት ዘመን፣ በ1950ዎቹ፣ የጉራጌ ሕዝብ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ገንዘቡን አዋጥቶ መንገድ እየሠራ ነበር። ጄኔራል ወልደሥላሴ በረካን የመሰሉ ሰዎች ያስተባበሩት፣ የመርካቶ ነጋዴም የገጠር ገበሬም ያዋጣበት የዚያ ዘመን ጥረት ነው መኪናን ከወልቂጤ ወደ እምድብር ያስገባው። መንግሥት እስኪሠራልን እንጠብቅ ያላለ ሕዝብ ነው። ከዚያ መንገድ ዳር ያደገው ልጅ ሹፌር፣ ባለመኪና፣ የትራንስፖርት ነጋዴ ሆነ። የልጁ ሙያ ግን ከሞያሌ ወዲያ ምስክር አልነበረውም።

በዚያው አሥር ዓመት አንድ ትልቅ ለውጥም ሆኗል። እስከ 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ የሚነዳው በግራ ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተዛወረ። ሱዳንም እ.ኤ.አ. በ1973 ተከተለች፤ ኬንያ ግን እስከ ዛሬ በግራ ነች። ለዚህ ነው ሞያሌ ላይ ድንበሩን የሚያልፍ መኪና መስመር የሚቀይረው። ናይሮቢ ወርዶ መኪና ሊከራይ የሚያስብ ወንድም ይህን ከወረቀቱ እኩል ይያዘው፤ እጅ የለመደው ነገር ቶሎ አይለቅም።

ወረቀታችን ውጭ አገር የማይነበብበት ሌላም ምክንያት አለው። ታላላቆቻችን «እሱኮ 3ኛ መንጃ ፈቃድ አለው»፣ «5ኛ ነው፣ ተሳቢ ይነዳል» ሲሉ ሰምተናል። ኋላ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600 መጣ፤ እሱንም በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1074 ተካው። ዛሬ የምናውቃቸው «ሕዝብ 1»፣ «ደረቅ 1»፣ «ፈሳሽ 1» የሚባሉት ናቸው። በስምምነቶቹ ግን ኤ ሞተር ሳይክል ነው፤ ቢ እስከ 3,500 ኪሎ ግራም የሚመዝንና ከሹፌሩ ሌላ እስከ 8 መቀመጫ ያለው መኪና፤ ሲ ከዚያ የሚከብድ የጭነት፤ ዲ የሕዝብ ማመላለሻ፤ ኢ ተሳቢ። ሮም ወይም ኢስታንቡል ያለ የኪራይ ሠራተኛ «ደረቅ 1» የቱ እንደሆነ ከየት ያውቃል? በዚያ ላይ የዘመን አቆጣጠራችን አለ። ማብቂያው በእኛ አቆጣጠር ብቻ የተጻፈበት ሰነድ ገና ሁለት ዓመት እየቀረው በፈረንጁ ዓይን ጊዜው ካለፈ አምስት ዓመት ሆኖታል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ኢትዮጵያ የቪየናውን ስምምነት ተቀበለች። ትልቅ እርምጃ ነው፤ ችግሩ ሁሉ ተፈታ ማለት ግን አይደለም። አሜሪካ የጄኔቫው እንጂ የቪየናው አባል አይደለችም። ስለዚህ ከዋሽንግተን ለአረፋ የሚመጣው ወንድማችን የሚይዘው መጽሐፍና የኛ አገር የፈረመችው ስምምነት በውል ደረጃ አይገናኙም። ጃፓንም የምትቀበለው የጄኔቫውን ብቻ ነው። ቻይና ከሁለቱም ውጭ ናት። እንግሊዝ ደግሞ ዜጋው እንደሚሄድበት አገር እየለየ እንዲገዛ የ1926ቱን፣ የ1949ኙንና የ1968ቱን ሦስቱንም ታትማለች።

ከእኛ ባሕረ ሰላጤውን የሚሻገረው ይበዛልና ስለዚያ ትንሽ እንበል። ኩዌት፣ ባሕሬን፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ ቀጠር፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮም ሳዑዲ ዐረቢያ የቪየናው ስምምነት አባላት ናቸው። ነገር ግን ስምምነቱ የሚናገረው ስለ ጎብኚ ነው። መኖሪያውን እዚያ ያደረገ፣ ኢቃማ ያወጣ ሰው እንግዳ መሆኑ ቀርቷልና አገሩ የራሱን መንጃ ፈቃድ አውጣ ሊለው ይችላል። ለዑምራ ሄዶ መኪና የሚከራይና ለሹፌርነት ሥራ የሚሄድ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ይህን ልዩነት የማይነግር ደላላ ብዙ ነው። ለጎብኚውም ቢሆን አከራዩ ከሕጉ በላይ የራሱን ይጨምርበታል፤ ዕድሜህ 21 ወይም 25 ይሙላ፣ መንጃ ፈቃዱ ቢያንስ አንድ ዓመት ይኑረው፣ የባንክ ካርዱ በራስህ ስም ይሁን ይላል።

በኢንተርኔት «ያለ ፈተና ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ፣ ለአሥር ዓመት የሚሠራ» እያሉ የሚሸጡትንም በዚህ መለካት ነው። ከሦስት ዓመት በላይ የሚሠራ መጽሐፍ ስምምነቱ አያውቅም። ዋናውን ፈቃድ ያልሰጠ አካል ምስክር ሊሆንም አይችልም። የተገዛው ካርቶን ነው።

ካርቶኑ ኬላ ላይ ብቻ ቢያስመልስ ኖሮ ቀላል ነበር። አደጋ ሲደርስስ? የማይጸና ፈቃድ ይዞ ለነዳ ሰው የመኪናው መድን እጁን ይሰበስባል። ሳዑዲ ውስጥ በስህተት ለጠፋ የሰው ነፍስ የሚከፈለው ዲያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ 300,000 ሪያል ነው። በደመወዝ የሚኖር የእምድብር ልጅ ያንን ስንት ዓመት ሠርቶ ይጨርሰዋል? ከፋራውም ከዲያው ሌላ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 ብሩናይ ላይ ባደረገው 8ኛ ጉባኤው ጉዳዩን አይቶ፣ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ የትራፊክ ሕጎችን መጠበቅ ሸሪዓዊ ግዴታ መሆኑን፣ ነጂውም ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ወስኗል። ስለዚህ «ሰው አገር ነው፣ ማን ያየኛል» የሚለው አነጋገር በዑለማዎቹም ዘንድ ቦታ የለውም።

ወረቀቱ በደንብ ከተያዘ ግን የት እንደሚያደርስም ታይቷል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1990 ሪያድ ላይ መኪና ይዘው የወጡት 47 ሴቶች መንዳቱን የተማሩት ውጭ አገር ነበር፤ ፈቃዳቸው ግን በአገራቸው አልተቆጠረላቸውም። 28 ዓመት አለፈ። እገዳው ሊነሳ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 2018፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር የሳዑዲ ሴቶች መንጃ ፈቃድ ተሰጣቸው። አዲስ ሠልጥነው አልነበረም። ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከካናዳና ከሊባኖስ ያወጡትን ፈቃድ አቅርበው፣ አጭር ፈተና አልፈው ለወጡት።

ለእኛም ዘመድ ዛሬ ያለው መንገድ ይኸው የመለወጥ መንገድ ነው። ለአረፋ ወደ እምድብር መጥቶ ራሱ ሊነዳ የሚፈልግ ሰው ቲኬት ከመቁረጡ በፊት መንጃ ፈቃዱን በሚኖርበት አገር ያረጋግጥ፤ ከዚያ በኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ አገር ቤት ሲደርስም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አስመስክሮ ወደ ኢትዮጵያ ፈቃድ ያስለውጥ። የሚቆየው ለአንድ ሳምንት ብቻ ከሆነ ግን ከነሹፌሩ መከራየቱ ይሻለዋል፤ ሹፌሩም ምናልባት የዚያው መንገድ ልጅ ይሆናል።