ስለ ቤትሆቨን የልደት ዘመንና ስለ ጥምቀቱ መዝገብ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው፥ ባለታሪኩን በሕይወቱ ሳለ ጠይቆ ቢጽፍ የማይሳሳት ይመስለዋል። ነገር ግን ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውም ቢሆን ሳይመረመር የሚታመን እንዳይደለ፥ የሙዚቃ ደራሲው የሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን ታሪክ ያስረዳናል። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቤትሆቨን የጀርመን አገር የቦን ከተማ ተወላጅ ነው። በ1792 ወደ ቪየና በሄደ ጊዜ የከተማውን መኳንንት እጅግ ያስደነቃቸው፥ ፒያኖ ፊት ተቀምጦ አስቀድሞ ያልጻፈውን ዜማ ከልቡ እያፈለቀ በመጫወቱ ነበረ። እንዲህ የተደነቀው ሰው ግን ዕድሜውን አያውቅም ነበር። በ1778 አባቱ በኮሎኝ ከተማ ለሕዝብ ሲያቀርበው፥ የሰባት ዓመቱን ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው ብሎ አስታውቆ ነበርና።

በ1810 ትዳር ባሰበ ጊዜ፥ ለወዳጁ ለሐኪሙ ቬገለር ጽፎ የጥምቀቱን ምስክር ወረቀት ከቦን እንዲያስመጣለት ለመነው። ከእርሱ በፊት ተወልዶ የሞተ ሉድቪግ የሚባል ወንድም ስለ ነበረው፥ ወረቀቱ የዚያ እንዳይሆን አስጠነቀቀው። ወረቀቱም መጣ፤ የተጠመቀው ዴሴምበር 17 ቀን 1770 ነው ይላል። ቤትሆቨን ግን አላመነም፤ የወንድሜ ነው ብሎ በወረቀቱ ላይ 1772 ብሎ ጻፈበት።

መዝገቡ ግን ነገሩን ይፈታዋል። ታላቅ ወንድሙ ሉድቪግ ማሪያ የተጠመቀው ኤፕሪል 2 ቀን 1769 ሲሆን፥ ከስድስት ቀን በኋላ ሞቷል። እንግዲያስ በ1770 የተጠመቀው ራሱ ደራሲው ነው። መዝገቡ የተወለደበትን ቀን ስለማይናገር፥ ጠንቃቃ ጸሐፊ «በዚህ ቀን ተወለደ» ሳይሆን «በዚህ ቀን ተጠመቀ» ብሎ ይጽፋል።

ከዚህ የከፋም ነበረ። በዘመኑ የታተሙ መዝገበ ዕውቀቶች፥ ቤትሆቨን የፕሩሲያ ንጉሥ ዲቃላ ነው ብለው ጻፉ። እናቱ በ1787 ስላረፈች ስለ ክብሯ ልትመልስ አትችልም። ቬገለር ዝም ማለቱን ቢነቅፍበት፥ ቤትሆቨን በዴሴምበር 1826 መልሶ፥ ስለ እኔ ለሚጻፈው መልስ አልሰጥም፤ የወላጆቼን፥ ይልቁንም የእናቴን ቅንነት ለዓለም ማስታወቁን ለአንተ ትቼዋለሁ ሲል ጻፈለት። እርሱም ማርች 26 ቀን 1827 ሞተ። ቬገለር በ1838 ከሪስ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ አደራውን ፈጸመ።

ያ የጥምቀት መዝገብ ዮሐን ቫን ቤትሆቨንንና ሚስቱን በሕግ የተጋቡ ወላጆች አድርጎ ጽፏቸዋል። የታተመው መጽሐፍ ያጐደፈውን የእናት ስም፥ አንድ ካህን በዕለቱ የጻፈው አጭር መስመር ጠብቆ አቆየው። ስለዚህ ታሪክ ጸሐፊ የሆነ ሁሉ፥ ከሰው አፍ የሰማውንና በመጽሐፍ ታትሞ ያገኘውን ከመድገሙ አስቀድሞ መዝገቡን ይግለጥ፤ የሚያነሣው የሰው ክብር ነውና።